ቦራን ያረድኳት እኔ ነኝ

እርጥብ ድንጋይ ከብረት ጋር ሲፋተግ የሚያወጣው ሽታ አለ። ዝናብ የመታው ምስማር ዓይነት፣ ትንሽ ደም ደም የሚል። ባለፈው ጥር ለወንድሜ ለአህመድ የልጅ ልጅ ሠርግ ከሚሴ ስሄድ፣ ገና ከአውቶቡስ ስወርድ ያ ሽታ አፍንጫዬ ሥር ግጥም አለ። አንድ ጎረምሳ አስፋልቱ ዳር ቁጢጥ ብሎ ካራ ይስላል። ሻንጣዬን እንደያዝኩ ፊቱ ቆምኩ።

«እማማ፣ ምን ልርዳዎት?» አለኝ ቀና ብሎ።

«ድንጋዩን በደንብ አላራስከውም» አልኩት።

ሠርጉ ቤት ስደርስ ደግሞ ምን ባይ ጥሩ ነው? የአህመድ ልጅ ዘይነብ በአንድ እጇ ዶሮ፣ በሌላው ቢላዋ ይዛ ደጃፍ ላይ ቆማለች። መንገዱን ግራ ቀኝ ታያለች። ዘይነብ ነርስ ናት። ሰው ትወጋለች፣ ቁስል ትሰፋለች፣ ደም አይታ ዓይኗ አይርገበገብም።

«ምን ትጠብቂያለሽ?» አልኳት።

«ወንድ ነዋ፣ እትዬ። ወንዶቹ ድንኳን ሊያመጡ ሄደው የሚያርድልኝ አጣሁ።»

ወይ ጉድ! ስልሳ ዓመት ሊሞላው ምን ቀረው፣ እኛ ግን እዚያው ደጃፍ ላይ ቆመናል። «ስጪኝ» ብዬ ዶሮዋን ከእጇ ተቀበልኩ። በዙሪያዋ የነበሩት ሴቶች አፋቸውን ያዙ። ይያዙ! እኔ ይህን ጉዳይ በአሥራ አንድ ዓመቴ ነው የጨረስኩት። እንዴት እንደጨረስኩት ዶሮዋን እየገነጠልኩ ነገርኳቸው፤ ለእናንተም ልንገራችሁ።

እናቴ ፋጡማ የማትችለው ነገር አልነበረም። ግድግዳ ትመርጋለች፣ ማሽላ ታጭዳለች፣ አባቴ እንድሪስ ከብት ሊነግድ ሰንበቴና ባቲ ሲሄድ ቤቱን ብቻዋን ቀጥ አድርጋ ትይዛለች። ዶሮ ማረድ ግን የለም። ሴት አታርድም፣ አለቀ። እንግዳ ዱብ ሲል ዶሮዋን በብብቷ ሸጉጣ፣ ቢላዋውን ይዛ፣ ወንድ እስኪያልፍ ደጃፍ ላይ ትቆማለች። ሽማግሌ ይሁን ንፍጡን ያልጠረገ ልጅ ግድ የላትም፣ ወንድ ይሁን እንጂ። «ማሎ፣ ቢስሚላህ በሉልኝ!» እያለች በኦሮምኛም በአማርኛም ትለምናለች። አንዳንድ ቀን ዶሮዋ ብብቷ ውስጥ እንቅልፍ ይወስዳታል።

አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣላት አያ ሰይድ ነበር። ከቤታችን ፊት ለፊት የጨርቅ ሱቅ ያለው፣ የትምህርት ቤቱም የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ። አያ ሰይድ እንዲያው ዝም ብሎ አያርድም። መጀመሪያ እናቴ ቢላዋውን እንድታስቀምጥለት እጁን ዘርግቶ ይቆማል። ስለቱን በአውራ ጣቱ ነካ አድርጎ፣ «ይሄ ቢላዋ ነው ማንኪያ?» ይላታል። አርዶ ሲጨርስም፣ «እኔ ባልኖር ሽሮ ነበር የምትበሉት!» ብሎ እየሳቀ ወደ ሱቁ ይመለሳል። እናቴ «አላህ ይስጥልኝ» ትላለች። ስትገባ ግን ፊቷ ልክ አይደለም፤ ሽንኩርቱን ከሚገባው በላይ ትመታዋለች።

ልጅ ነኝና፣ የወንድ እጅ ውስጥ አንድ ነገር ያለ ይመስለኝ ነበር። ቢላዋው የሚያውቀው የሆነ ነገር። ሴት የያዘችው እንደሆነ ደሙ አይቆምም፣ ዶሮዋም አንገቷ ተቆርጦ ቤት ለቤት እየዞረች ያረደቻትን ትከሳለች ብዬ ነበር የማስበው። ታናሽ ወንድሜ አህመድ ያኔ ሰባት ዓመቱ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት ጥላ ሥር እንቅልፍ ሲጥለው መዳፉን ገልብጬ መረመርኩት። ከእኔ መዳፍ የሚለየው ጭቃው ብቻ ነበር።

ትምህርት ቤታችን አስፋልቱ ዳር ነው። አራት ክፍል፣ አንድ ትልቅ ዋርካ፣ አጥሩ ደግሞ ለስሙ ያህል። በዚያ ዓመት መስከረም ላይ መምህር ተካልኝ የሚባል ልጅ እግር አስተማሪ ከሸዋ በኩል መጣ። ቀጭን ነው፤ አንድ ኮትና አንድ ባርኔጣ አለው። ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት በኋላ የሚሰበሰብ ክበብ አቋቋመ። ስሙ ረጅም ነበር፤ የወጣቶች የኑሮ ዘዴ ምናምን የሚል። እኛ ግን «ሐሙስ» ብቻ ነበር የምንለው። «ሐሙስ ገብተሻል?» «ገብቻለሁ!»

የሐሙስ ሕግ ዕጣ ነው። መምህሩ የተጣጠፉ ወረቀቶች ባርኔጣው ውስጥ ይጥላል፤ ቁልፍ መትከል፣ ሊጥ ማቡካት፣ ካራ መሳል፣ ቁስል ማሰር፣ በአንድ ክብሪት እሳት ማያያዝ። እጅህን ከተህ ያወጣኸውን አንድ ወር ትማረዋለህ። ወንድ ነኝ፣ ሴት ነኝ ማለት የለም። በወሩ መጨረሻ ውድድር ይሆናል። ቁልፍ የተከለ ልጅ ሸሚዙን ለብሶ ይቆማል፣ ሁለት ልጆች ከግራና ከቀኝ ይጎትቱታል፤ ቁልፉ ከተነቀለ ወደቀ። ቁስል የሚያስር ደግሞ ጓደኛውን አስሮ ያስሮጠዋል፤ ፋሻው እየተተረተረ ሲከተለው ሳቃችን አስፋልቱ ድረስ ይሰማ ነበር። ስንማር አይታወቀንም። ክፍል ውስጥ በአለንጋ ያልገባን ነገር እዚያ በሳቅ ይገባናል።

የአያ ሰይድ ልጅ ከማል ሊጥ ደረሰው። አለቀሰ። በሁለተኛው ሳምንት ግን ከሊጡ ማን ያላቀው! ዳቦው ሲነፋለት ላም የወለደችለት ይመስል ያገኘውን ሁሉ እየጠራ ያሳይ ነበር። አያ ሰይድ ይህን ሰምቶ ዱላውን ይዞ መጣ።

«ልጄን ሴት አደረግከው!» አለው መምህሩን።

መምህር ተካልኝ አንድ ቁራሽ ዳቦ ሰጠው። አያ ሰይድ በላና፣ ሌላ ቁራሽ ኪሱ ከቶ፣ እየተሳደበ ሄደ። ቂሙን ግን አልረሳትም።

ለእኔ ካራ መሳል ወጣልኝ። እጄ ባርኔጣው ውስጥ እያለ የተሳሳትኩ መስሎኝ ልመልሰው ነበር፤ መምህሩ እጄን ያዘኝ። «ያወጣሽው ያንቺ ነው» አለ። ካራ ለመንካት ሁለት ሐሙስ ፈራሁ። በሦስተኛው ከቦርከና ወንዝ ዳር የመጣ ለስላሳ ድንጋይ አራስኩ፣ ስለቱን አስተኛሁ፣ ሳልቸኩል ገፋ ገፋ አደረግኩት። ያ ሽታ መጣ። ካራው ሴት መሆኔን አላወቀም። ወይም አውቆ ግድ አልሰጠውም።

ውድድሩ በጨፌ ሣር ነበር። መምህሩ አንዲት አገዳ መሬት ላይ ይተክላል፤ ሳትነቀልና ሳትጎብጥ በአንድ ምት ለሁለት መቁረጥ ነው። ሦስት ወንዶች ነቀሏት። እኔ ቆረጥኳት፤ ላይኛው ግማሽ ወድቆ ታችኛው ቀጥ ብሎ ቀረ። ሽልማቴ ካራው የሚቀመጥበት ሣጥን ቁልፍ ነበር። በክር አንገቴ ላይ አሰርኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ አረማመዴ ራሱ ተቀየረ ይሉኛል።

ከሁሉ የምንፈራው ግን ንግግሩን ነው። መምህሩ የላምባ ሣጥን ገልብጦ ዋርካው ሥር ያስቀምጣል። እዚያ ላይ ትወጣና ያየኸውን አንድ ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ትናገራለህ። «ሳትጨምር፣ ሳትቀንስ፣ መሬት መሬት ሳታይ» ይላል። ዳኛዋ ደግሞ ቦራ ነበረች።

ቦራ ፍየላችን ናት። ግንባሯ ላይ ነጭ አለባት፣ ስሟም ከዚያ ነው የመጣው። ክበቡ ሁለት ከብት ነበር የሚያረባው፤ ቦራንና ዳለቻ የምንለውን በግ። ጥር ላይ ለሚሆነው የወላጆች በዓል ይታረዳሉ፤ ቦራ ለእስላሞቹ፣ ዳለቻ ለክርስቲያኖቹ። አንዱ የሌላውን ሥጋ ስለማይበላ ከመጀመሪያውም ሁለት ሆነው ተገዙ። በዚያ ዓመት ሮመዳንና የገና ጾም አንድ ላይ ገጥመው ነበር፤ እኛ ልጆቹ ቦራ መጾም አለባት ወይስ የለባትም ብለን ተጣልተን አንድ ሳምንት ተኮራርፈናል። እሷ መሀላችን ቆማ ታመነዥካለች።

ሣጥኑ ላይ ስትወጣ ቦራ ፊት ለፊትህ ታስራ ሣሯን ትበላለች። ሣሯን ትታ ቀና ብላ ካየችህ አሸንፈሃል። ከተንተባተብክ አታይህም። ጮክ ብለህ በአንድ ድምፅ፣ ከልብህ ስትናገር ግን ጆሮዋን አቁማ ትክ ብላ ታይሃለች። እኔ ስለ እናቴና ስለ ዶሮዋ፣ ስለ ደጃፉ ተናገርኩ። ቦራ እስክጨርስ ድረስ ዓይኗን ከእኔ ላይ አላነሳችም። ቤት ውስጥ እንኳ እንደዚያ ያዳመጠኝ ሰው አልነበረም። ወላሂ፣ ያቺን ፍየል እወዳት ነበር።

በዓሉ ቅዳሜ ሊሆን ሐሙስ ደረሰ። ሸህ ይመር ቦራን ሊያርዱልን ቃል ገብተዋል። ሸህ ይመር የሰፈራችን ትልቅ ሰው ናቸው፤ እኔም ጠዋት ጠዋት እሳቸው ዘንድ ቁርአን እቀራለሁ። ሲቆጡ ድምፃቸው አይነሳም፣ ያ ነው የበለጠ የሚያስፈራው። ከሰዓት መምህሩ ወንዶቹን ሁሉ ይዞ ለዳሱ ጨፌ ሊያጭድ ቦርከና ወረደ። እኛ ሴቶቹ ከብቶቹን ልናጠጣ ቀረን። የቀረ ወንድ ቢኖር እኔን ተከትሎ የመጣው አህመድና የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ብቻ ናቸው።

ቦራ ገመዷን በጥሳ በአጥሩ ቀዳዳ ወጣች። ከደሴ የሚወርድ የጭነት መኪና ሲጮህ ሰማን፤ ከዚያ ጓ አለ። መኪናው አልቆመም። ስንደርስ አስፋልቱ ዳር ወድቃለች፤ የኋላ እግሮቿ ተሰባብረዋል፣ ሆዷ ቶሎ ቶሎ ከፍ ዝቅ ይላል። ጮሃ ብትሆን ይሻለኝ ነበር፤ ዝም ብላ ታየኛለች።

ዘበኛው እያነከሰ ደረሰ። አይቷት ራሱን ነቀነቀ። «እኔ ብባርካት ማን ይበላታል? እኔ ክርስቲያን» አለ። «እስላም ወንድ ልጥራ!» ብሎ ወደ ሱቆቹ ሄደ። በዚያ እግሩ መቼ ሊደርስ!

ጓደኛዬ አስካለ፣ የፖሊሱ ልጅ፣ የቦራን ራስ ይዛ ታለቅሳለች። «ከድጃ፣ በክት ልትሆን ነው። ልትሞት ነው» አለችኝ። በክት ማለት ሳይታረድ የሞተ ነው፤ ለጅብ ነው የሚጣለው። አራት ወር ያበላናት፣ አራት ወር ያዳመጠችን ቦራ ለጅብ!

ቁልፉን ከአንገቴ በጥሼ ሮጥኩ። ካራውን አምጥቼ ለአህመድ ሰጠሁት። ምን ላድርግ፣ ወንድ ነዋ! «ቢስሚላህ በል!» አልኩት። አህመድ በሁለት እጁ ያዘው። የቦራን ዓይን አየ። ካራውን ጥሎ፣ ተደናቅፎ ወድቆ ጉልበቱን ልጦ፣ እየጮኸ ሽንት ቤቱ ጀርባ ተደበቀ።

ካራው መሬት ላይ ነው። መንገዱን ግራ አየሁ፣ ቀኝ አየሁ። ሰው የለም። እናቴ በየጊዜው እንደዚህ ነበር የምትቆመው ለካ! ካራውን ከመሬት አነሳሁ።

«እግሯን ያዢልኝ» አልኳት አስካለን።

«እኔ ክርስቲያን ነኝ። ይቆጠራል?»

«እኔ እንጃ። ያዢ!»

ሸህ ይመር ለአረፋ ሲያርዱ አይቻለሁ። ራሷን ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ አቅጣጫ አዞርኩ፣ ካራውን እንዳታየው ከኋላዬ ደበቅኩ። ዓይኗን በመዳፌ ከደንኩ። «ቢስሚላህ፣ አላሁ አክበር» አልኩና በአንድ ምት አሳረፍኳት። አልሳትኩም። ደሙ ፈሰሰ፣ ከዚያም ቆመ። እንደ ማንኛውም ደም ቆመ። ካራውን በሣር ጠርጌ ቁጭ አልኩና አለቀስኩ።

ዘበኛው ሁለት ሰው አስከትሎ ደረሰ፤ አንዱ አያ ሰይድ፣ ሁለተኛው የገዛ አባቴ። ሱቅ ውስጥ ሻይ ሲጠጡ ነው ያገኛቸው። ሁለቱም ቦራን አዩ፣ ካራውን አዩ፣ እኛን አዩ።

«ማነው ያረዳት?» አለ አያ ሰይድ።

አህመድ ከተደበቀበት ብቅ አለ፤ ጉልበቱ ደም በደም ሆኗል። የአያ ሰይድ ፊት በራ። «አንተ ነህ አይደል? ጎበዝ! ጎበዝ የእንድሪስ ልጅ!» አለው። አህመድ ጎበዝ ከተባለ ለምን ይክዳል? ራሱን ከላይ ወደ ታች ነቀነቀ።

አባቴ እፎይ አለ። ትንፋሹን ሰማሁት። እኔን እያየ ዓይኑን ጨፈን አደረገ፤ ዝም በይ ማለቱ ነው። ነገሩ አለቀ፣ ቦራም ተበላች፣ ማንም አልተዋረደም። ዝም ብል ኖሮ በዚያው ያልቅ ነበር።

ለምን ዝም እንዳላልኩ ሰው እስከ ዛሬ ይጠይቀኛል። እልህ ነው፤ ሌላ ስም የለውም። ያቺን ፍየል በእጄ ነው የገላገልኳት። ያን ያህል ፈርቼ፣ ያን ያህል አልቅሼ፣ ካራ ጥሎ ለሸሸ ልጅ ላስረክባት? ወንድሜ ቢሆንስ!

«እሱ አይደለም» አልኩ። «ቦራን ያረድኳት እኔ ነኝ።»

ከዚያማ ጉድ ፈላ። አያ ሰይድ እጁን ራሱ ላይ ጫነ። «ያ ረቢ! ሴት ልጅ አረደች! ይህን ሥጋ ለውሻ ጣሉት!» ብሎ ጮኸ። ሰው ተሰበሰበ። «ሐሙስ የሚባለው ነገር ዛሬውኑ ይዘጋል፣ ወንዱን ሊጥ ያስይዛል ሴቷን ካራ ያስይዛል፣ እኔ ሰብሳቢ ሆኜ ሳለሁ አንድም ሰው ቅዳሜ አይመጣም» አለ። አባቴ አልጮኸም። ቀስ ብሎ ተጠግቶኝ፣ «አህመድ ነው ካላልሽ ከሐሙስ ብቻ ሳይሆን ከትምህርት ቤቱም ትወጫለሽ» አለኝ። የአባቴን ቃል አውቀዋለሁ። ከብት ሲሸጥ እንኳ ሁለቴ አይናገርም።

መምህር ተካልኝ ከቦርከና ሲመለስ ሰው ሞልቶ ጠበቀው። ሁሉንም ሰምቶ ዋርካው ጀርባ ወሰደኝ። ኮቱ ላይ ጨፌ ተጣብቆበታል።

«ከድጃ፣ ስሚኝ። አህመድ ካራውን ይዞት ነበር አይደል?»

«ይዞት ነበር።»

«እንግዲያው ይዞት ነበር በይ። ይህ ውሸት አይደለም።»

«ይዞ ጥሎታል።»

«እሱን አትጨምሪ» አለኝ። ድምፁ ይለምነኝ ነበር። «ክበቡን ይዘጉታል። አንቺንም ከትምህርት ያስወጡሻል። ለአንድ ቃል ብለሽ?»

ያን ቀን ከሁሉ ሰው እሱ ነው ያቃጠለኝ። አያ ሰይድማ አያ ሰይድ ነው፣ ሌላ ምን ይጠበቅበታል! «ሣጥኑ ላይ ስታወጡን ሳትጨምሩ ሳትቀንሱ አላላችሁንም?» አልኩት። ፊቱን አዞረ። ሳዝንለት ትዝ ይለኛል፤ ግን ቃሌን አልቀየርኩም።

የከሰዓቱ የአስር ሰላት ካበቃ በኋላ ሸህ ይመር መጡ። አያ ሰይድ ነው ያስጠራቸው፤ ሐራም ነው ብለው ነገሩን እንዲቋጩለት። ዋርካው ሥር ቁርበት ተነጠፈላቸው። እናቴም ከሴቶቹ ጋር ዳር ላይ ቆማለች፤ ሻሽዋን አፏ ላይ ይዛለች።

«ኮቱ፣ ኢንታላ ኮ» አሉኝ ሸሁ። ነይ ልጄ ማለታቸው ነው። ድምፃቸው አልተነሳም።

ቀረብኩ። ሰዎቹን ሁሉ አየሁ፤ የሚያዳምጥ ፊት አጣሁ። ቦራ ብትኖር ቀና ትል ነበር ብዬ አሰብኩ። ከዚያ የላምባ ሣጥኑን ጎተትኩና ወጣሁበት። ጉርምርምታው ተሰማኝ፤ ሴት ልጅ፣ በሸህ ፊት፣ ሣጥን ላይ! ከመጀመሪያ ጀምሬ ነገርኳቸው። መኪናውን፣ ዘበኛውን፣ አህመድን፣ መንገዱ ባዶ መሆኑን። አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም፣ መሬት መሬት አላየሁም።

«ምን ብለሽ አረድሻት?»

«ቢስሚላህ፣ አላሁ አክበር ብዬ።»

«ነፍስ ነበራት?»

«ታየኝ ነበር።»

«ካራው ስለት ነበረው?»

«እኔ ነኝ የሳልኩት» አልኩ። ትንሽ መኩራቴ አልቀረም።

«እግሯን ማን ያዘ?»

አስካለ ከሰው መሀል እጇን አወጣች፤ ክፍል ውስጥ እንዳለች። ሸሁ አዩዋት። «አጥብቀሽ ይዘሻል?» አሏት። «አጥብቄ» አለች። «ደግ አደረግሽ። ያልተያዘ ፍየል ይሰቃያል» አሏት።

አያ ሰይድ አላስቻለውም። «ሸህዬ፣ ሴት ናት እኮ!»

«አይቻለሁ» አሉ ሸሁ። «እስላም ናት፣ የአላህን ስም ጠርታለች፣ ስለቱ ደም አፍስሷል። ሴት ካረደችው አይበላም የሚለውን የትኛው ኪታብ ላይ አገኘኸው፣ ሰይዶ?»

«እንዲያው ኖረንበት...»

«ኖረንበት፤ እሱስ አዎ» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «አህመድ ነው ብለሽ ብታበይኝ ኖሮ ግን፣ ውሸቷ ነበረች ጉሮሮዬ ላይ የምትቆመው።» ከዚያ በትራቸውን መሬት ላይ መታ አደረጉ። «ጉበቷን ጥበሱልኝ» አሉ።

ቅዳሜን የሚጠብቅ አልተገኘም። ከማል እሳቱን በአንድ ክብሪት አያያዘ። ሸሁ የመጀመሪያውን ጉበት ጎረሱ። ሁለተኛ ማን እንደጎረሰ ታውቃላችሁ? እናቴ። ሴቶቹን ገፍታ፣ ወንዶቹን አልፋ መጣችና ከሸሁ ሣህን አነሳች። እያኘከች አያ ሰይድን ታየው ነበር።

ሁሉም በላ ብዬ አልዋሽም። ገሚሱ ትቶ ሄደ፤ አያ ሰይድ ከማልን በጆሮው እየጎተተ ወሰደው። ከሰባት ሴቶች ሦስቱን ወላጆቻቸው ከሐሙስ አስቀሯቸው። የቅዳሜው በዓል ቀረ፣ ዳለቻም ሳይታረድ ተረፈ። ክበቡ ግን አልተዘጋም፤ ሸህ ይመር የበሉበትን ቦታ ማን ይዘጋል! መምህር ተካልኝ በሚቀጥለው ሐሙስ ራሱ ሣጥኑ ላይ ወጣ። ያን ቀን ፈርቶ እንደነበር፣ ለእኔም ምን ብሎ እንደለመነኝ ለዳለቻ ተናገረ። ዳለቻ በግ ነው፣ ቀና አላለም። እኛ ግን አጨበጨብንለት።

አባቴ አልበላም፣ ጥሎም አልሄደም። ዳር ቆሞ ዋለ። በነጋታው ጠዋት ደብተሬን ይዤ ስወጣ ይጠራኛል ብዬ ጀርባዬ ቀዘቀዘ። አልጠራኝም፣ ሂጂም አላለኝም። ሦስት ሳምንት ሙሉ አላናገረኝም። ሲያዘኝ እንኳ በአህመድ በኩል ነበር፤ «እህትህን ውሃ አምጪ በላት» እያለ፣ እኔ አጠገቡ ተቀምጬ።

ከዚያ አንድ ሰኞ ከባቲ ሁለት እንግዶች ይዞ መጣ። ምሳ አዞ፣ እነሱን ከብት ሊያሳይ ወጣ። አህመድም ተከተላቸው። እናቴ ዶሮዋን በብብቷ ሸጉጣ፣ ቢላዋውን ይዛ ደጃፍ ላይ ቆመች። እንደ ሁልጊዜዋ። እኔ ጓዳ ሆኜ ሽንኩርት እልጣለሁ፤ በበሩ በኩል ጀርባዋ ይታየኛል።

አያ ሰይድ ከሱቁ አያት። መንገዱን ተሻግሮ መጣና ፊቷ ቆሞ እጁን ዘረጋ። የተከፈተ መዳፍ፣ ቢላዋውን የሚጠብቅ። እናቴ መዳፉን አየችው። አገላብጣ የምትመረምረው ይመስል ብዙ አየችው።

«አላስቸግርህም አያ ሰይድ» አለችው። ከዚያ ሳትዞር፣ መንገዱ ሙሉ እንዲሰማ አድርጋ ጠራችኝ። «ከድጃ! ኮቱ!»

ወጣሁ። ቢላዋውን በእጄ አስቀመጠችልኝ። ስለቱን በአውራ ጣቴ ነካ አደረግኩት። ማንኪያ አልነበረም፤ ጠዋት ስዬዋለሁ።

እንግዶቹ ሊበሉ ሲቀመጡ በሩ ጀርባ ቆምኩ። አባቴ ለእንግዶቹ አጉርሶ፣ ለራሱ አንድ ብልት አነሳ። አንድ ጊዜ ጎረሰና ማኘኩን ተወ።

«ፋጡማ፣ ማነው ያረዳት?»

«የቤት ሰው» አለች እናቴ።

እንግዶቹ እጃቸውን ገታ አደረጉ። ከትምህርት ቤት መውጣቴ ዛሬ ነው አልኩ። አባቴ እንደገና ማኘክ ጀመረ፤ ቀስ ብሎ፣ ከብት እንደሚገምት ሰው እያሰበ።

«ጨው አንሷታል» አለና እጁን ወደ ወጡ መለሰ።

እናቴ ጨው ልታመጣ ስትወጣ በሩ ጀርባ አገኘችኝ። ትከሻዬን ጨበጥ አደረገችና ጆሮዬ ሥር፣ «ሰማሽ?» አለችኝ። «ጨው ብቻ ነው ያነሳት።»